የቻይና ተራራና ወንዝ ሥዕል ለቤታችሁ ስትመርጡ፦ ባለቀለሙ ወይስ ጥቁሩ? ረጅሙ ወይስ አግድሙ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ በስልክ ሦስት ፎቶ ላከችልኝ። ሦስቱም የቻይና ተራራና ወንዝ ሥዕሎች ናቸው። አንዱ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ወርቅ የተነካካ ነው። ሁለተኛው በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ነው፤ ግማሹ ወረቀት ባዶ ነው። ሦስተኛው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ፏፏቴው ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። «የቱን ልግዛ?» አለችኝ። እኔም መልሼ ጠየቅኳት። «ማታ ከሥራ ስትገቢ የት ነው የምትቀመጪው?»

ጥያቄዬ ግራ አጋባት። ለዚህ ዓይነት ሥዕል ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም። ቻይናውያን ሥዕሉን ሻንሽዌይ ይሉታል፤ ተራራና ውኃ ማለት ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን፣ በሶንግ ነገሥታት ጊዜ፣ ጉዎ ሺ የሚባል የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። ትምህርቱን ልጁ ጽፎ አቆይቶልናል። ሰው ለምን ተራራ ይወዳል ብሎ ይጠይቅና እንዲህ ያስረዳል፦ ሰው ጫጫታና ሩጫ ይሰለቸዋል። ግን ሥራ አለበት፣ የሚጦራቸው ወላጆች አሉት። ሁሉን ጥሎ ተራራ ላይ መመነን አይችልም። ስለዚህ ሠዓሊው ተራራውን ቤቱ ድረስ ያመጣለታል። ሰውየው ከምንጣፉ ሳይነሳ የወፉና የዝንጀሮው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ይኸው ሠዓሊ የሚሳል ተራራን በአራት ይከፍለዋል። አልፈውት የሚሄዱት አለ። ቆመው የሚያዩት አለ። የሚንሸራሸሩበት አለ። የሚኖሩበት አለ። ከሁሉ የሚበልጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው ይላል። ከእሱ 600 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ዞንግ ቢንግ የሚባል ሰው ነበር። ሲያረጅና ሲታመም በወጣትነቱ የዞረባቸውን ተራሮች ግድግዳው ላይ ሳላቸው። ተኝቼ እጓዝባቸዋለሁ አለ።

እኔም ስመርጥ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በየትኛው ሥዕል ውስጥ በእግሬ ልገባ እችላለሁ? ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰማያዊ-አረንጓዴው ወይስ ጥቁሩ?

ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁን ቀድሞ የሚይዘው ሰማያዊ-አረንጓዴው ነው። ጥንታዊ ዘር አለው። የዚህ ዘይቤ ታላቁ ሥዕል በ1113 የተሠራው የዋንግ ሺሜንግ ጥቅል ነው። ሠዓሊው ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ሐር ላይ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 51.5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ዛሬ ቤይጂንግ በቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ይገኛል። ሰማያዊውና አረንጓዴው የመጡት መዳብ ካለባቸው ድንጋዮች ነው፤ አዙራይትና ማላካይት ይባላሉ። ድንጋዩ ይፈጫል፣ ከሙጫ ጋር ይለወሳል፣ ከዚያ እየተደራረበ ይቀባል። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ጥቅሉ በተዘረጋና በተጠቀለለ ቁጥር ይረግፋል። ለዚህ ነው ሙዚየሙ እንደ ልብ የማያወጣው።

ይህን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። የድንጋይ ቀለም ከጎን ብርሃን ሲያገኘው እንደ ደቃቅ አሸዋ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሰማያዊው አንድ ቦታ ይከብዳል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ርካሹ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ የፕላስቲክ ሳህን ይመስላል። እውነተኛ የድንጋይ ቀለም ከሆነ ደግሞ ጠቅልላችሁ ለማስቀመጥ አትግዙት። ፍሬም ውስጥ ይግባና ይቀመጥ።

ሰማያዊ-አረንጓዴው የሚያምረው እንግዳ በሚበዛበት ክፍል ነው። ብርሃን ለማያገኝ ሳሎንም ይሆናል። ከሩቅ ይታያል፣ ቤቱን ያደምቃል፣ ልጆች ይወዱታል።

ጥቁሩን ብዙ ሰው «ይደብራል» ይለዋል። እኔ ግን ልቤ ያለው እዚህ ነው። በአማርኛችን ቀለም ስንል የምንጽፍበትንም የምንቀባውንም ነው። የቻይና ሠዓሊዎች ደግሞ ጥቁሩ ቀለም ብቻውን አምስት ቀለም አለው ይላሉ። የሚሠራው ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ነው። የእኛ የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁራቸውን ከጥላሸት ስለሚያዘጋጁ ነገሩ ብዙም ባዕድ አይሆንብንም። የቻይናው ተቀጥቅጦ ይደርቅና በትር ይሆናል፤ ሠዓሊው ድንጋይ ላይ በውኃ እየፈተገ ያቀልጠዋል። ውኃ ሲበዛበት እንደ ጉም ይሳሳል። ሲያንስበት እንደ ከሰል ይጠቁራል። ብሩሹ ሊደርቅ ሲል ደግሞ ወረቀቱን እየቧጨረ ያልፋል፤ ያ ጭረት የአለት ፊት ይሆናል።

ባዶው ወረቀትስ? ባዶው ውኃ ነው። ባዶው ጉምም ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ጠዋት ጉም ሲነሳ ያየ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ኒ ዛን የሚባለው የ14ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ ከፊት ጥቂት የቀጠኑ ዛፎች፣ ማንም የሌለበት አንድ ጎጆ፣ ከኋላ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች ያስቀምጣል። መሃሉን ለቆ ይተወዋል። ያ የተተወው ስፍራ ሐይቅ ነው። አንድም ሞገድ አልሳለበትም፤ ያም ሆኖ ውኃው ይታያችኋል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምርጫ አለ። ጥቁሩ ላይ ስስ ቡናማ ቀይ ይጨመርበታል፤ አንዳንዴም ትንሽ ሰማያዊ። አለቱ ላይ የማታ ፀሐይ ያረፈ ይመስላል። ጥቁሩን እየወደደ ቤተሰቡን ማሳመን ላቃተው ሰው ይህን እመክራለሁ።

ረጅሙ፣ አግድሙ ወይስ ትንሹ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ግድግዳችሁን ለኩ።

ጉዎ ሺ ተራራ በሦስት ዓይነት ርቀት ይታያል ይላል። ከግርጌው ቆመህ ጫፉን ወደ ላይ ታየዋለህ። ከፊቱ ሆነህ ከጀርባው ያለውን ሸለቆ ወደ ውስጥ ዘልቀህ ታየዋለህ። ወይም ከአንዱ ኮረብታ ሌላውን ሩቅ ኮረብታ አሻግረህ ታየዋለህ። የመጀመሪያው ከፍታ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ጥልቀት፣ ሦስተኛው ስፋት። ለገዢም መመሪያው ይኸው ነው። በሁለት በሮች መካከል ላለች ጠባብ ግድግዳ ወደ ላይ የሚታየው ይሁን። ከሶፋ በላይ ላለ ሰፊ ግድግዳ አሻግሮ የሚታየው ዝቅተኛ ኮረብታና ሰፊ ወንዝ ይሁን። ቀና ብለው የሚያዩት ተራራ ከራሳችሁ ጀርባ ሰቅላችሁ ማን ያየዋል?

ግድግዳ ላይ ከሚንጠለጠሉት ረጃጅም ጥቅሎች ሁሉ ራስ የምለው የፋን ኩዋን ሥዕል ነው፤ በ1000 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ታይፔይ በብሔራዊው የቤተ መንግሥት ሙዚየም አለ። ቁመቱ 206.3 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ግዙፍ ተራራ አብዛኛውን ሐር ይሞላዋል። በቀኝ በኩል ፏፏቴው እንደ ነጭ ክር ይወርዳል። ከታች በቀኝ ጥግ፣ ጥፍር በሚያህል ቁመት፣ ጭነት የተሸከሙ በቅሎዎችና ነጂዎቻቸው ከጫካ ብቅ ይላሉ። የሠዓሊው ስም እዚያው አካባቢ ቅጠሎች መካከል ተደብቆ ኖሯል። የሙዚየሙ ሰዎች ያገኙት በ1958 ነው። ሥዕሉ 900 ዓመት አልፎት ሳለ ማለት ነው! ይህን ሥዕል በትንሽ መጠን አትሞ የሚሸጥ ሰው ብታገኙ አትግዙት። ሲያንስ በቅሎዎቹ ይጠፋሉ፤ በቅሎዎቹ ከጠፉ የተራራው ትልቅነትም ይጠፋል። ይህ ሥዕል ከፍ ያለ ጣሪያና ሦስት አራት ሜትር ወደ ኋላ የሚያስኬድ ክፍል ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባልሰቅለው እመርጣለሁ።

አግድሙ ጥቅል ሌላ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያውም ለግድግዳ አልተሠራም። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በግራ እጅ ትዘረጋላችሁ፣ በቀኝ እጅ ትጠቀልላላችሁ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ የሁለት ክንድ ስፋት ያህል እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ወንዙን በጀልባ እንደ መውረድ ነው። ያለፋችሁት ይሸፈናል፣ የሚመጣው ገና አልታየም።

የዚህ ዓይነቱ ዝነኛ ሥራ የሁዋንግ ጎንግዋንግ የፉቹን ተራሮች ሥዕል ነው። ሠዓሊው በ1347፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ለአንድ የታኦ ሃይማኖት መነኩሴ ወዳጁ ጀመረው። እየሄደ እየመለሰ ሠራው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በጻፈበት ማስታወሻ ላይ እንኳ ገና አልጨረስኩትም ይላል። በ1650 ሥዕሉን የያዘው ባለሀብት ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ አብሮት እንዲሄድ ብሎ አቃጥሉት አለ። እሳት ውስጥ ተጣለ። የወንድሙ ልጅ ዘሎ አወጣው። ግን ለሁለት ተከፍሏል። አጭሩ ቁራጭ 51.4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ዛሬ ሀንግዡ በዠጂያንግ ሙዚየም አለ። ረጅሙ 636.9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ታይፔይ ነው። በ2011 ሁለቱ ታይፔይ ላይ ጎን ለጎን ለእይታ ቀረቡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የእንዲህ ያለ ጥቅል ቅጂ ስትገዙ ሙሉውን ግዙና ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። የሚወዱት ሰው ሲመጣ ቡና እስኪፈላ ድረስ አብሮ መዘርጋት ነው (ስኒው ራቅ ይበል)። ግድግዳ ላይ ካልሆነ የማትሉ ከሆነ ሻጮች ከረጅሙ ቆርጠው አንድ ቁራጭ በፍሬም ይሸጣሉ። የት ጋ እንደተቆረጠ እዩ። መንገድ ወይም ድልድይ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ተውት። የሚሄደው ሰው የሚደርስበት የለውም።

ትንሹን እንዳትንቁት። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሀንግዡ ከወረደ በኋላ፣ ማ ዩዋንና ሺያ ጉዌይ የሚባሉ ሠዓሊዎች ተራራውን ሙሉ መሳል ትተው አንዱን ጥግ ብቻ መሳል አበዙ። አንድ ጥድ፣ አንድ አለት፣ የተቀረው ጉም። ለማራገቢያና ለአልበም ገጽ የሚሆን መጠን ነው። ጽሕፈት ጠረጴዛችሁ ፊት፣ ክንዳችሁ በሚደርስበት ርቀት፣ ከዚህ የሚሻል የለም። በተቃራኒው ትልቅ ሳሎን ውስጥ ብትሰቅሉት ይጠፋል።

በእጅ የተሳለ፣ በእንጨት የታተመ ወይስ በማሽን?

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ «መቶ በመቶ በእጅ የተሳለ» የሚል አይቼ ገዛሁ። ሲመጣ ደስ አለኝ። ማታ ላይ የስልኬን ካሜራ አጉልቼ የጥዱን ቅርንጫፍ ሳየው ደቃቅ ነጠብጣቦች ተሰልፈው አገኘሁ፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። የማተሚያ ማሽን ነጠብጣብ ነው። በጣም አዘንኩ። የከፈልኩት የሠዓሊ ዋጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስገዛ እንዲህ ነው የማየው። ሙጫ ያልተቀባ የቻይና ወረቀት እርጥብ ቀለም ይመጥጣል። ስለዚህ የመስመሩ ዳር ፀጉር ያወጣል፣ ከወረቀቱ ጀርባም ይታያል። ሁለት ጭረት ሲደራረብ የታችኛው ከላይኛው ሥር ይለያል። ሠዓሊው ብሩሹን ያሳረፈበት ቦታ ጠቆር፣ ያነሳበት ሳሳ ይላል። ቀዩ ማኅተም ደግሞ በቅባት በተለወሰ ቀይ ቀለም ስለሚመታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። የታተመ ከሆነ ማኅተሙም ተራራውም እኩል ለጥ ያሉ ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሙጫና አሉም (የማዕድን ጨው ነው) የተቀባ ወረቀትና ሐር ቀለም ስለማያሰርጉ ጀርባውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

መካከለኛው መንገድ በእንጨት የሚታተመው ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ እንጨት ይቀረጻል። በውኃ ቀለም፣ ለሥዕል በሚሆነው በዚያው ወረቀት ላይ፣ አንድ በአንድ በእጅ ይታተማል። ቤይጂንግ ያለው ሮንግባኦዣይና ሻንግሃይ ያለው ዱዎዩንሹዋን የሚባሉ ቤቶች በዚህ ይታወቃሉ። ሮንግባኦዣይ አንድ የጥንት የግብዣ ሥዕል ለመቅዳት 1667 የተቀረጹ እንጨቶችን ተጠቅሟል። እንዲህ ያለ ቅጂ ያገኘ ሰው በማሽን ከታተመው የተሻለ ነገር ይዟል። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷላ።

ግን አቋሜን ልንገራችሁ። «በእጅ የተሳለ» የሚለው ብቻውን ምስጋና አይደለም። አንድ ፏፏቴ፣ አንድ ቀይ ጎጆ፣ ሁለት ጀልባ እያሉ በቀን ብዙ የሚያወጡ አሉ። እጅ ነው፣ ልብ ግን የለበትም። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከእንዲህ ያለው ይልቅ የአንድ ታላቅ ሥዕል ጥሩ የታተመ ቅጂ ግዙ፤ የታተመ መሆኑን አውቃችሁ፣ በታተመ ዋጋ። ሙዚየሞች ራሳቸው የሚያሳትሙት አለ። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ካለ ሠዓሊ አንድ ትንሽ ሥራ ግዙ። በመሃከለኛ ዋጋ «የጥንት ነው» የሚላችሁን ግን አትመኑት።

ወረቀት ወይስ ሐር የሚለው ብዙ አያስጨንቅ። ቻይናውያን ወረቀት ሺህ ዓመት፣ ሐር ስምንት መቶ ዓመት ይኖራል ይላሉ፤ ሁለቱም ለእኛ ይበቃል። ጥሩው ወረቀት የሚመጣው ከአንሁይ ግዛት ከጂንግ አውራጃ ነው፤ ከዛፍ ልጥና ከሩዝ ገለባ ይሠራል። አሠራሩ በ2009 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሐር ለጥቃቅን መስመርና ለድንጋይ ቀለም ይመቻል። ወረቀት ለእርጥብ ብሩሽ።

የትኛው ተራራ?

ሻጮች ዘወትር ሁለት ቦታ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ አንሁይ ያለው ሁዋንግሻን ነው። ሹል ግራናይት፣ አለት ሰንጥቆ የበቀለ ጥድ፣ ከሥሩ የደመና ባሕር። ሌላው ጉይሊን ነው፤ በሊ ወንዝ ዳር እንደ ጉብታ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች። የቻይና 20 ዩዋን ብር ጀርባ ላይ ያለው ይኸው ወንዝ ነው። ሁዋንግሻን ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለ ቅርጽ ይወዳል። ጉይሊን ለስላሳ ነው፣ አግድም ይመቸዋል፤ መኝታ ቤት ውስጥ እሱ ይሻለኛል። የጥንት ሥዕሎች ብዙዎቹ ግን የአንድ ቦታ መልክ አይደሉም። ሠዓሊው ብዙ ተራራ ዞሮ፣ ቤቱ ገብቶ፣ በልቡ ያለውን ነው የሳለው።

አንዳንድ ሻጭ ወንዙ ወደ ቤት ውስጥ እንጂ ወደ በሩ እንዳይፈስ አድርጋችሁ ስቀሉት ይላችኋል። በእነሱ እምነት ውኃ ሀብት ነው። ባታምኑበትም ለቤቱ ጉዳት የለውም፤ ዓይንም ወደ ክፍሉ ውስጥ ይመለሳል።

ከገዛችሁ በኋላ

ተንጠልጣይ ጥቅል ዓመቱን ሙሉ አይሰቀልም። በቻይና ልማድ እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። የበረዶ ሥዕል አለ፣ የጸደይ ሥዕል አለ። ለጥቂት ሳምንት ይሰቀላል፣ ከዚያ በቀስታ ተጠቅልሎ ያርፋል። ቀጥታ ፀሐይ አታሳዩት። አዲስ አበባ ላይ በክረምት የውጭ ግድግዳ ይረጥባል፤ እዚያ ላይ ከሆነ ሻጋታ ይይዘዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ደግሞ የኤሲው ነፋስ ፊት አትስቀሉት። ሲደርቅ ጠርዙ ይጠቀለላል። ይህን ሁሉ መከታተል የማትችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው በፍሬም ግዙ፤ መስታወቱ ግን ወረቀቱን እንዳይነካው ክፍተት ይኑረው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ማታ የምትቀመጠው አልጋዋ ጫፍ ላይ ነው፤ ፊቷ ያለው በመስኮትና በቁም ሳጥን መካከል የቀረ ጠባብ ግድግዳ ነው። ሦስቱንም ተወቻቸው። የጉዎ ሺን የ1072 «የጸደይ መባቻ» ጥሩ ቅጂ ገዛች፤ ዋናው ታይፔይ ነው ያለው። ጥቁር ቀለም ከስስ ቡናማ ጋር። አለቱ እንደ ደመና ይጠማዘዛል፣ ቅርንጫፉ የሸርጣን ጥፍር ይመስላል፣ በረዶው ገና መቅለጡ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ደወለችልኝ። ሰላምታም አላስቀደመች። «ከታች በግራ በኩል፣ ከጀልባዋ አጠገብ፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት አለች አይደል? ወዴት ነው የምትሄደው? ቤቱን እየፈለግኩላት ነው» አለችኝ።